ከማፍሰስ በፊት መፍታት፦ ስለ ተዘጋ ሲንክ ለተጻፈ ምክር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ደሴም ኮምቦልቻም ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ አለ። «ሲንክ ሲዘጋ ቧንቧ ሠራተኛ አትጥሩ» ብሎ ይጀምርና ሰባት መላ ይደረድራል። ባጭሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የፈላ ውሃ ድፉበት። እምቢ ካለ ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ። እሱም ካቃተው ኮስቲክ ሶዳ፣ በላዩ በረኪና፣ ከዚያ የባትሪ አሲድ። ካልሆነ በፌሮ ጎርጉሩት። የቡና አተላ ቱቦ ስለሚጠርግ በየቀኑ ድፉ። ዘይት ከላርጎ ጋር ከሆነ ምንም አይልም። ደጋግሞ የሚዘጋ ከሆነ ደግሞ ሲፎኑን፣ ሲንኩ ሥር ያለውን ጥምዝ ቱቦ፣ አውጥታችሁ ጣሉና ቀጥ ያለ ቱቦ ግጠሙ። መጨረሻ ላይ «ቧንቧ ሠራተኞች ይህን የሚደብቁት ገበያቸው እንዳይዘጋ ነው» ይላል።

እኔ ገበያቸው ይዘጋል ከተባሉት አንዱ ነኝ። እንጀራዬ ቧንቧ ነው። ሆጤም ልሂድ ሰኞ ገበያ፣ ወይም ቁልቁል ኮምቦልቻ ልውረድ፣ የሚያጋጥመኝ ሲንክ ያው ነው። ጸሐፊው ክፋት አስበው የጻፉት አይመስለኝም። ሰው ገንዘቡን ይቆጥብ ብለው ነው። ግን ምክሩን ደግማችሁ አንብቡት። ከላይ ምን እናፍስ ነው ነገሩ ሁሉ። የተዘጋው የት ጋ ነው? በምን ተዘጋ? ብሎ የሚጠይቅ አንድ መስመር የለውም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የሲንክ ሥር ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ ጎንበስ ማለት ነው።

ነጥቦቹን በተጻፉበት ቅደም ተከተል አልሄድባቸውም። ከሦስተኛው እጀምራለሁ፤ ሰው የሚጎዳው በእሱ ነውና።

«ኮስቲክ ሶዳ ጨምሩ፣ በረኪና ድፉ፣ ካልሄደ የባትሪ አሲድ አክሉበት።» ይህን ያደረገ ሰው ሲንኩ ሳይከፈት ራሱ ሐኪም ቤት ይገባል። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የሚባል ጋዝ ይወጣል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1907 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ የጀርመን ጦር ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር በምትባል ከተማ አጠገብ በጠላቶቹ ምሽግ ላይ የለቀቀው እሱን ነው። ሳንባ ያቃጥላል። ከአየር ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ስለሚከብድ ወደ ታች ይተኛል፣ ቶሎ ሽቅብ አይበተንም። ሲንክ ሥር የተንበረከከ ሰው ፊቱ የት ነው? እዚያው ታች። በዚያ ላይ የደሴ ብርድ ማታ ማታ መስኮት አያስከፍትም። ጠባብ ኩሽና፣ የተዘጋ መስኮት፣ ክሎሪን። ሌላ ምን ልጨምር?

«እኛ የባትሪ አሲድ የለንም፣ አያሰጋንም» የምትሉ ካላችሁ፣ አቼቶም አሲድ ነው። ሎሚም አሲድ ነው። የሽንት ቤት ሳህንና የሴራሚክ ዝገት ያስለቅቃሉ ተብለው ከሚሸጡት ፈሳሾች ብዙዎቹ አሲድ አለባቸው። ጽሑፉ ሁለተኛው ነጥብ ላይ አቼቶ ያስደፋል፣ ሦስተኛው ላይ በረኪና ያስከትላል። ቱቦው ተዘግቷል፣ አቼቶው የትም አልሄደም። የራሱን ምክር በተራ የተከተለ አንባቢ ሳያውቀው ሁለቱን ያገናኛቸዋል ማለት ነው። በረኪና ደፍታችሁ ጉሮሮ የሚከረክር፣ ዓይን የሚያስለቅስ ነገር ከሸተታችሁ «ልጨርሰውና» አትበሉ። ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ፣ በሩን በርግዱት። ሳሉ ካልተወ ወይም ደረት ካፈነ ሐኪም ቤት ነው። የሳንባው ሕመም ከሰዓታት በኋላ ሊብስ ይችላል፣ «አሁን ተሻለኝ» ብቻውን አያስተማምንም።

አሁን ኮስቲክ ሶዳውን ለብቻው እንየው፤ እሱ ነገር አለውና። ጽሑፉ ኮስቲክ ቅባት ይበላል ማለቱ ልክ ነው። ቅባትና ኮስቲክ ሲገናኙ ሳሙና ነው የሚሆነው። ሳሙና ቤት ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች በዚሁ መንገድ ነው የሚሠሩት። ፀጉርም ይበላል። እና ኮስቲክ ውሸት አይደለም። ውሸቱ «ጥቂት ጭብጥ በትኑና ውሃ አፍሱበት» የሚለው አጠቃቀም ነው።

ኮስቲክ ውሃ ሲነካው በጣም ይሞቃል። በጣም ስል የሞቀ ውሃ ማለቴ አይደለም። ትንሽ ውሃ ያገኘ ብዙ ኮስቲክ ይፈላል፣ ይተፋል። የሚተፋው ደግሞ ሲንኩን ጎንበስ ብሎ የሚያየው ሰው ዓይን ላይ ነው። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ኮስቲኩ ወደ ውሃው እንጂ ውሃው ወደ ኮስቲኩ የማይጨመረው። ሁለተኛ፣ ቱቦው ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ኮስቲኩ ታች ወርዶ ሳይሟሟ ይቀመጥና ድንጋይ ይሆናል። በሽሮና በቅባት የተዘጋ ሲፎን ላይ ሌላ ቡሽ መክተት ነው። ሦስተኛ፣ ሙቀቱ ፒቪሲውን፣ የፕላስቲክ ቱቦውን፣ ያለሰልሳል። አራተኛ፣ አልሙኒየም ይበላል፤ ሲበላም እሳት የሚይዝ ጋዝ ይወጣዋል።

አምስተኛው የእኔ የግል ምሬት ነው። ሰው ኮስቲክ ያፈስሳል፣ አልሄድ ይለዋል፣ ያድራል። በማግሥቱ ይደውላል። «ምንም አላደረግንበትም» ይላል። እኔ ሥሩ ገብቼ ስፈታው ያ ሁሉ ያደረ ኮስቲክ እጄና ፊቴ ላይ ነው የሚወርደው። እባካችሁ፣ ምን እንዳፈሰሳችሁ ለሚመጣው ሰው ንገሩት። የሚያሳፍር ነገር የለውም። ሳይነግሩት መቅረት ነው የሚያሳፍረው።

ከኮስቲክ ሳንወጣ አንድ የእኛን አገር ነገር ልጨምር፤ ጽሑፉ ጨርሶ ያላሰበው ነው። ኮስቲክ ዓይን ወይም ቆዳ ላይ ቢፈናጠር መድኃኒቱ ውሃ ነው። ብዙ ውሃ፣ ሳያቋርጥ፣ ቢያንስ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት። «አሲድ ያጠፋዋል» ብሎ ሎሚ ወይም አቼቶ ማፍሰስ ቃጠሎውን ያብሰዋል። አሁን ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያላችሁ፣ ቧንቧው ደርቆ ጀሪካኑ ግማሽ በሆነበት ቀን ኮስቲክ ትከፍታላችሁ? ሃያ ደቂቃ ሙሉ የሚፈስ ውሃ ከየት ይመጣል? ውሃ በሌለበት ቀን ኮስቲክ አይከፈትም። በቃ። ደግሞም በውሃ ፕላስቲክ ውስጥ በጥብጣችሁ መደርደሪያ ሥር አታስቀምጡ። ሕፃን ውሃ መስሎት ከጠጣው ጉሮሮውን ያቃጥላል። እንዲያስመልሰው አታስገድዱት፤ ሲወርድ ያቃጠለው ሲመለስ ድጋሚ ያቃጥላል። ይዛችሁ ሩጡ።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልመለስ። የፈላ ውሃ።

«በጀበናም በማንቆርቆሪያም አፍልታችሁ ደጋግማችሁ ድፉ» ይላል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ትንሽ ከፍ ይላል፣ 94 አካባቢ። ስለዚህ የእኛ የፈላ ውሃ ከባሕር ዳርቻው ይቀዘቅዛል፣ ምንም አይልም የሚል ሊኖር ይችላል። ይላል እንጂ። የሲንክ ፒቪሲ ሳይጎዳ የሚችለው ሙቀት 60 ዲግሪ ያህል ነው። 80 ሲጠጋ መለስለስ ይጀምራል። ተንጠልጥሎ የተሠራ ቱቦ ሙቀቱ ሲደጋገምበት ይረግባል፣ መጋጠሚያው ይላላል። የረገበው ቦታ ላይ ደግሞ ውሃ ይቋጠራል፣ ቅባት ይቋጠራል። ከዚያ ወዲያ በየጊዜው የሚዘጋው እዚያች ጎድጓዳ ቦታ ላይ ነው።

ለብ ያለ፣ ጣት የሚችለው ትኩስ ውሃ ቅባቱን ያላላል፣ እሱን አልቃወምም። ግን ቅባቱ የት ይሄዳል? ይቀልጥና ጥቂት ወርዶ የቀዘቀዘ ቱቦ ሲያገኝ ተመልሶ ይረጋል። ቱቦው በውጭ ግድግዳ ላይ የሚሄድ የደሴ ቤት ከሆነ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሩቅ አይሄድም። እጃችሁ ከሚደርስበት ሲፎን አንሥታችሁ እጃችሁ ወደማይደርስበት ግድግዳ ነው የላካችሁት። ኮምቦልቻ ሞቅ ስለሚል ያው ቅባት ትንሽ ይታገሣል። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ወርዳችሁ የሲንኩ ጠባይ ይለወጣል ብላችሁ የማታምኑኝ ካላችሁ፣ ሁለቱም ከተማ ላይ የኖረ ሰው ጠይቁ።

የፈላ ውሃ የባሰ የሚያበላሸው ደግሞ ሊጥ ሲኖር ነው። ቡሃቃ ታጥቦ እጣቢው ሲንክ ውስጥ ተደፍቷል እንበል። ወይ የአጥሚት ድስት። ዱቄት ትኩስ ውሃ ሲያገኝ ምን ይሆናል? ገንፎ። ይህን ለወሎ እናቶች መንገር ነውር ነው፣ ግን ጽሑፉ ስለረሳው ነው። ሊጥ ባለበት ሲንክ ላይ የፈላ ውሃ ማፍሰስ ቱቦ ውስጥ ገንፎ ማገንፋት ነው። ለሊጥ ቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚሻለው።

ቤኪንግ ሶዳና አቼቶውን ቶሎ እንለፈው። ይንተከተካል፣ ያፏጫል፣ ሲያዩት ደስ ይላል። አንዱ አሲድ ሌላው የአሲድ ተቃራኒ ነው፤ ተገናኝተው ይጠፋፋሉ። የሚተርፈው የአረፋ ጋዝ፣ ውሃና ቅባት የማይነካ ጨው ነው። ጋዙም የላይኛው አፍ ክፍት ስለሆነ ሽቅብ ይወጣል እንጂ የተዘጋውን አይገፋም። ለሽታ ትንሽ ይረዳ ይሆናል። አቼቶው ለሰላጣ ቢቀር ይሻላል።

«ፌሮ ከትታችሁ ጎርጉሩ» የሚለው ደግሞ ሌላ ነው። ፌሮ አይታጠፍም። ሲፎን ደግሞ ኩርባ ነው። የማይታጠፍ ብረት ኩርባ ውስጥ ሲገባ አንዱ መሸነፍ አለበት፤ የሚሸነፈው ፕላስቲኩ ነው። እነዚያ እንደ አኮርዲዮን የተጨማደዱ ፍሌክሲብል ቱቦዎች በፌሮ ሲበሱ አይቻለሁ። ቀዳዳው ወዲያው አይታይም። የካቢኔው ወለል አብጦ መሽተት ሲጀምር ነው የሚታወቀው። ባይበሳው እንኳ የተዘጋውን ነገር ይጠቀጥቀዋል። ሽቦ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፣ ግን ተጣጣፊው፣ እንደ ስፕሪንግ የተጠመዘዘው ነው። እሱም ሲፎኑ ከተፈታ በኋላ ከግድግዳው አፍ ነው የሚገባው፣ እየተሽከረከረ።

እዚህ ላይ ጽሑፉ ያልጠቀሰው ነገር ይገርመኛል። እጀታ ያለው የጎማ መግፊያ። ሱቅ ሁሉ የሚሸጠው፣ ሽንት ቤት ጥግ የሚቆመው። ከሰባቱ መላዎች ሁሉ የሚሻለው ያልተጻፈው ነው። ሰው ግን አጠቃቀሙን ስለማይነገረው ሁለቴ ይመታና ይተወዋል። ጎማው በውሃ መሸፈን አለበት፤ አየር ይጨመቃል፣ ውሃ አይጨመቅም። እጅ መታጠቢያው ላይ ከጠርዙ ሥር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በእርጥብ ጨርቅ ድፈኑ። ካልደፈናችሁ ግፊቱ በእሷ ይወጣል። ባለ ሁለት ጉድጓድ ሲንክ ከሆነ ሁለተኛውንም ድፈኑ። ከዚያ ሽቅብ ቁልቁል ደጋግሞ መግፋትና መሳብ ነው። መሳቡ ከመግፋቱ እኩል ይሠራል። ኬሚካል የፈሰሰበት ሲንክ ላይ ግን አትሞክሩት፤ ይረጫል።

አምስተኛውን ሳነብ ሳቅሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። «የቡና አተላ ቱቦ ይጠርጋል።» ይህ ወሎ ላይ የተጻፈ ምክር ነው? አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ጀበና በሚጣድበት አገር? አተላ ድስት ላይ ሲፈተግ ቅባት ያነሳል፣ እውነት ነው። እዚያ ግን እጅ ይፈትገዋል። ቱቦ ውስጥ ማን ይፈትገው? አተላ አይሟሟም። ከውሃ ይከብዳል፣ ሲፎኑ ሆድ ውስጥ ይተኛል። በላዩ ቅባት ሲመጣ ሁለቱ ይያያዛሉ። ሲፎን ስፈታ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ጥቁር ጭቃ ይኸው ነው፤ አተላ፣ ቅባት፣ ጥቂት ሩዝ፣ ሲፈርድባችሁ አንድ የሻይ ማንኪያ። ጀበናውን ነቅነቅ አድርጋችሁ አተላውን አበባው ሥር ድፉት። ወይ ቆሻሻው ላይ። የሻይ ቅጠልም፣ የጠላ አተላም፣ የጫት ገረባም እንዲሁ። ድስት በአመድና በአሸዋ የሚፈትግ ሰው ደግሞ እጣቢውን ውጭ ይድፋ።

ስድስተኛው፣ ዘይት ከላርጎ ጋር። ጽሑፉ «ሳሙናው ዘይቱን ስለሚያሟሟው በነፃነት ድፉ» ይላል። ሳሙና ዘይትን በጣም ትንንሽ ጠብታ አድርጎ ውሃ ውስጥ እንዲንሳፈፍ ያደርገዋል። አያጠፋውም። ሳህን ላይ የቀረች ቅባት ከሆነች በቂ ነው። የመጥበሻ ዘይት ወይም የአረፋ በግ ሞራ ከሆነ ግን ውሃው እየቀዘቀዘና ሳሙናው እየሳሳ ሲሄድ ጠብታዎቹ ተመልሰው ይገናኛሉ፣ ግድግዳው ላይ ይረጋሉ። ቅቤ በደሴ ጠዋት ምን እንደሚመስል ማሰሮውን ማየት ነው። የበግ ሞራ ደግሞ ከቅቤም ይብሳል፤ ለመቅለጥ የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል። የስልክ ጥሪዬ የሚበዛው ከዓመት በዓል ማግሥት ነው። አረፋም ይሁን ፋሲካ ወይም መስቀል፣ ሲንክ ሃይማኖት አይለይም።

መላው ቀላል ነው። ድስቱ ሳይታጠብ በፊት ቅባቱ ይጠረግ። በሶፍት ይሁን በአሮጌ ጨርቅ። አያቶቻችን ድስት በእንጀራ ጠርገው ልጅ ያጎርሱ ነበር። የጣፈጠ ጥራጊ ነበረ፣ ሲንክም አልነበረም። የተረፈ ዘይት በቆርቆሮ ይርጋና ከቆሻሻ ጋር ይውጣ። ሲንኩ አፍ ላይ ወንፊት ማስቀመጥ የሚለውን ጽሑፉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነክቶታል፤ እሱን እደግፋለሁ። ከተጻፈው ሁሉ እሱ ብቻ ቢነበብ ይበቃ ነበር።

ሰባተኛው ላይ ረዘም ብዬ መቆም አለብኝ። «ሲፎን የችግሩ ሁሉ ምንጭ ነው፤ አውጥታችሁ ጣሉት፣ ቀጥ ያለ ቱቦ ግጠሙ፣ ዳግመኛ አይዘጋም።» ይህ ምክር ከጽሑፉ በፊትም በሰፈራችን ነበረ። ቸኩለው የሚሠሩ ባለሙያዎችም ያደርጉታል። ባለቤቱ ለጊዜው ይደሰታል፤ ውሃው ይንዶለዶላል። ከዚያ ሽታው ይመጣል።

ሲፎን ለምን እንደተጠመዘዘ ያላወቀ ሰው ሊጥለው ይችላል። ኩርባው ውስጥ ሁልጊዜ ውሃ ይቀራል፣ ቁመቱ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል። ያች ውሃ በር ናት። ከወዲያ በኩል ያለው ጉድጓድ፣ ከወዲህ በኩል ያለው ኩሽና። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ አሌክሳንደር ካሚንግ የሚባል ስኮትላንዳዊ ሰዓት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1775 ለሽንት ቤት የተጠመዘዘ ቱቦ በስሙ አስመዝግቧል። ከዚያ በፊት ቤት ውስጥ የነበረ ሽንት ቤት የጉድጓዱን ሽታ ወደ ቤቱ ይዞ ነበር የሚኖረው።

ደሴ ላይ ይህ ከሌላ ቦታ ይበልጥ ያሳስባል። አብዛኛው ግቢያችን የራሱ ጉድጓድ ወይም ሴፕቲክ ታንክ ነው ያለው። የሲንኩ ቱቦ ከሽንት ቤቱ ጋር አንድ ጉድጓድ ውስጥ የሚወድቅበት ቤት ብዙ ነው። ሲፎኑን ስታወጡ ከጉድጓዱ አፍ እስከ ሽሮ ድስታችሁ ድረስ ክፍት መንገድ ሠራችሁ። በዚያ መንገድ ሽታ ብቻ አይመጣም። የጉድጓድ ጋዝ ውስጥ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ አለ፣ እሳት የሚይዘው ሚቴን አለ። በረሮም መንገዱን ያውቀዋል።

በነገራችን ላይ፣ «ሲንኬ ይሸታል፣ ተዘግቷል መሰለኝ» ከሚሉኝ ሰዎች የአንዳንዶቹ ሲንክ ተዘግቶ አይደለም። ቤተሰቡ ገጠር ሄዶ ሰንብቷል፣ ወይም ውሃ ጠፍቶ ያ ሲንክ ሳይነካ ከርሟል። የሲፎኑ ውሃ ተኖ ደርቋል። አንድ ብርጭቆ ውሃ ማፍሰስ ነው መድኃኒቱ። ለእሱ ብር አልቀበልም። ውሃ ስታፈስሱ ሲፎኑ ጉርጉር የሚል ከሆነ ግን ቱቦው አየር አጥቶ ውሃውን እየሳበው ነው፤ ያ ሌላ ሥራ ነው።

ታዲያ ሲፎኑ ለምን ደጋግሞ ይዘጋል? ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሲፎኑ አይደለም። ፍሌክሲብል ቱቦው ጭምድዱ ሁሉ ቅባት መያዣ ነው። ወይም ቱቦው ተዳፋት የለውም። በአንድ ሜትር ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ቁልቁል መውረድ አለበት። ብዙ ቤት ግን ወለሉ ካለቀ በኋላ ሲንኩ ይጨመርና ቱቦው ለጥ ብሎ፣ አንዳንዴም ሽቅብ ወጥቶ ይቀበራል። ያን ሲፎን በመጣል አታስተካክሉትም። የጭምድዱን ችግር ግን ፍሌክሲብሉን ውስጡ ልሙጥ በሆነ ፒቪሲ ሲፎን መቀየር ያስተካክለዋል። ውዱ ዕቃም አይደለም።

አሁን ከሁሉም በፊት መሆን የነበረበትን ልናገር። ሲፎኑን መፍታት። ይህን የማንም ቤት ሰው ይችላል፤ ጸሐፊው «ቧንቧ ሠራተኞች ይደብቁታል» ያሉት ይህን ቢሆን ኖሮ እስማማ ነበር።

ሲንክ ሥር ያለውን ዕቃ ሁሉ አውጡ። ባልዲ ወይም ሳፋ ሲፎኑ ሥር አድርጉ። ጓንት ካላችሁ ልበሱ። ከሲፎኑ ላይና ጎን ያሉት ትልልቅ የፕላስቲክ ቀለበቶች በእጅ ነው የሚፈቱት፣ ወደ ግራ። ከጠነከሩ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በመፍቻ ቀስ አድርጉ፤ ፕላስቲክ ነው፣ ይሰነጠቃል። ጠርሙስ የሚመስለው ዓይነት ሲፎን ከሆነ የታችኛው ክዳን ብቻ ነው የሚፈታው። ጭቃው ይወርዳል። ይሸታል፣ ታገሡት። በውስጡ ያለችው የጎማ ቀለበት፣ ጓርኒሽን የሚሏት፣ በየት በኩል እንደነበረች ልብ በሉ፤ ስልክ ያለው ፎቶ ያንሳ። ሲፎኑን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉ። ደግሞ እዚህ ላይ አደራ፣ ሲፎኑን የምታጥቡት ከዚያው ሲንክ አይደለም! ባልዲውንም እዚያው ሲንክ ላይ አትድፉት። ሥሩ ክፍት መሆኑ ይረሳል። ሳቁ ሁሌም ከወለል መወልወያ ጋር ነው የሚያልቀው።

ስትመልሱት በእጅ ብቻ አጥብቁት። ጎማ ባለበት መጋጠሚያ ላይ ቴፍሎን፣ ያ ነጩ መጠቅለያ ጥብጣብ፣ አያስፈልግም፤ ቴፍሎን ውሃውን የሚይዘው ጥርሱ ለሆነ ተጠምዛዥ መጋጠሚያ ነው፣ እዚህ ውሃውን የሚይዘው ጎማው ነው። ከዚያ ሲንኩን ሞልታችሁ በአንዴ ልቀቁት። በደረቅ ሶፍት መጋጠሚያውን ዳስሱ። ሶፍቱ ከረጠበ ጎማው ተጣሟል ወይ አርጅቷል።

ሲፎኑ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ነው ነገሩ የሚለወጠው። ያን ጊዜ ሌላ ነገር ከማፍሰሳችሁ በፊት ቤቱን ዞር ብላችሁ እዩ። እጅ መታጠቢያውስ ይሄዳል? የሻወሩ ወለል ቀዳዳስ? ኩሽናው ብቻ ከሆነ የተዘጋው ከግድግዳ እስከ ማንሆሉ፣ ግቢው ውስጥ ክዳን ያለው የፍሳሽ መፈተሻ፣ ባለው መስመር ላይ ነው፤ ሽቦው ይገባል። ኩሽና ስታፈስሱ ሻወሩ ላይ ውሃ ብቅ የሚል ከሆነ ግን ዋናው መስመር ነው። የመጀመሪያው ምልክት ሁልጊዜ ዝቅ ካለው ቀዳዳ ነው የሚመጣው። ፎቅ ላይ ያላችሁ፣ ከላይ ያሉትን ጎረቤቶች ውሃ እንዳይለቁ ንገሯቸው፣ አለበለዚያ የእነሱ እጣቢ እናንተ ቤት ነው የሚያድረው።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ማንሆሉን ሳትከፍቱ ምንም አትወስኑ። በእኛ ዝናብ መሬቱ ውሃ ይጠግባል፣ ጉድጓዱም ማስረግ ያቅተዋል፣ ይሞላል። የሞላ ጉድጓድ ላይ የፈሰሰ ኮስቲክም አቼቶም ምንም አይሠራም፣ የሚሄድበት የለውምና። ማንሆሉ እስከ አፉ ሞልቶ ካያችሁት የሚጠራው መጣጭ መኪና ነው፣ እኔ አይደለሁም። እኔን የምትጠሩኝ ማንሆሉ ደርቆ ሲንኩ ግን ሞልቶ ሲቆም ነው። ስትደውሉ ሲፎኑን ፈታችሁ አይታችሁት እንደሆነ፣ ሌላው ቀዳዳ ይሄድ እንደሆነ፣ እና ምን እንዳፈሰሳችሁበት ንገሩኝ። ያን ካወቅሁ የትኛውን ሽቦ ይዤ እንደምመጣ፣ የዓይን መነጽርም መያዝ እንዳለብኝ አውቃለሁ።